የራሴን የኮርስ ብስክሌት ይዤ ዛንዚባር ልሂድ ወይስ እዚያው ልከራይ?

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ሰላም ጀማው፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ከጥምቀት በኋላ፣ በጥር መጨረሻ፣ ከባለቤቴ ጋር ዛንዚባር ለመሄድ እየተሰናዳን ነው። እህቷ በደሴቲቱ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ ጃምቢያኒ በምትባል መንደር ትኖራለች። ማረፊያችን እርሷ ቤት ስለሆነ ከሆቴል ሆቴል አንዘዋወርም፤ የምናርፈው አንድ ቦታ ነው።

ጥያቄዬ ስለ ብስክሌቴ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ከሆጤ ተነስቼ ሐይቅ ደርሼ የምመለስበት አልሙኒየም የኮርስ ብስክሌት አለኝ። መቀመጫው፣ መሪውና ፔዳሉ በሰውነቴ ልክ የተስተካከሉ ናቸው። ወገቤን ያመኝ የነበረው ሕመም የተወኝ ይህን ካስተካከልኩ በኋላ ነውና በሰው ብስክሌት ላይ ረጅም መንገድ መሄድ አልፈልግም። አሳቤ ማለዳ ማለዳ ወጥቼ ቁርስ ሳይቀርብ መመለስ ነው። ቀሪው ቀን የባለቤቴ ነው፤ ለዚህ ዕረፍት ብዙ ጊዜ ጠብቃለች፣ ብስክሌቱ ቀኗን እንዲወስድባት አልፈቅድም።

የሚያሳስበኝ ይህ ነው። አንደኛ፣ «አየር ላይ ጎማው ይፈነዳል፣ እስኪያልቅ አስተንፍሰው» የሚሉኝ ሰዎች አሉ፤ እውነት ነው? ሁለተኛ፣ የባሕር ጨው ብስክሌትን ይበላል ሲባል እሰማለሁ። ሦስተኛ፣ የደጋ ሰው ነኝ፤ ሙቀቱን እንዴት ልቻለው? አራተኛ፣ እዚያ መኪና የሚነዳው በግራ ነው። በእናንተ ዘንድ ይህን ያየ ካለ እባካችሁ በዝርዝር ንገሩኝ። ትኬቱን ገና አልቆረጥንም።

ሐይቅ ዳር (ሐይቅ)

ወንድሜ፣ እኔ ቢተዉት እላለሁ። ለሥልጠና ዛንዚባር ቆይቻለሁ፤ በምሥራቁ ዳርቻ የሚከራይ ብስክሌት ሞልቷል። ማርሽ የሌለው፣ ጎማው ወፍራም፣ ከባድ ብረት ነው፤ ለአስፋልት አይመረጥም። ነገር ግን በዚያ ዳርቻ የባሕሩ ውኃ ሲሸሽ የሚገለጠውን አሸዋ አላዩትም። በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው ልዩነት አንዳንዴ እስከ 4 ሜትር ይደርሳል፤ ውኃው ሲሄድ ነጩ አሸዋ ጠጥሮ ሰፊ አውራ ጎዳና ይሆናል። ባለቤትዎም አብረውዎት ሊጋልቡ ይችላሉ። በኮርስ ብስክሌት ግን እዚያ አይገባም፤ ቀጭኑ ጎማ ይሰምጣል፣ ጨዋማ አሸዋውም ሰንሰለቱን ይፈጨዋል።

የእርስዎ ጭንቀት ወገብዎ ከሆነ መቀመጫዎንና ፔዳልዎን ብቻ ፈትተው ሻንጣ ውስጥ ይክተቱ፤ እዚያ ካለው ብስክሌት ጋር ያስገጥሙታል። አንድ ትልቅ ካርቶን ከአውሮፕላን ወደ አውሮፕላን ሲጎትቱ ባለቤትዎ በየበሩ ቆመው መጠበቃቸውንም ያስቡበት።

ከብስክሌቱ ውጭ ሁለት ነገር አይርሱ። ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ ክትባቱ ቢያንስ ከጉዞው 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። ዛንዚባርም ከጥቅምት 2024 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ የውጭ ጎብኚ ሁሉ የደሴቲቱን የጉዞ መድን እንዲገዛ ታስገድዳለች፤ ክፍያው ለአዋቂ 44 ዶላር ነው። ከመሄድዎ በፊት በኢንተርኔት ጨርሰውት ይሂዱ።

የሐረጎ ልጅ (ኮምቦልቻ)

ወንድም ጋሼ፣ እኔ ደግሞ ይዘውት ይሂዱ ነው የምለው። ብስክሌቴን ይዤ ፓጄ ቆይቻለሁ፤ ከጃምቢያኒ በስተሰሜን አጠገቧ ያለች መንደር ናት። የሐይቋ እህታችን ስለ አሸዋው የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው፤ ለአሸዋው እዚያው ተከራይተው ከባለቤትዎ ጋር ይውጡበት። መቀመጫና ፔዳል ብቻ ይዞ መሄድ ግን ወገብዎን አያድነውም። ወገብ ብዙ ጊዜ የሚታመመው ከመቀመጫው እስከ መሪው ባለው ርቀት ነው፤ እርሱ ደግሞ በአብዛኛው ከቴላዮው፣ ከብስክሌቱ ዋና አጽም፣ ጋር የተወለደ ነገር ነው፣ በሻንጣ አይሄድም። በዚያ ላይ ግራ በሚነዳበት አገር በተሠራ ብዙ ብስክሌት ላይ የፊት ፍሬን የሚይዘው የቀኝ እጅ ነው። የእርስዎ ግራ ከሆነ እጅዎ ለዓመታት የለመደውን በድንገት ጊዜ ይፈልጋል። ሕፃን መንገድ ላይ ሲዘል ጣትዎ የቱ ፍሬን እንደሆነ ማሰብ የለበትም። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያት ይህ ነው።

ጎማው አይፈነዳም። የመንገደኛ አውሮፕላን የዕቃ ክፍሉም እንደ መንገደኛው ክፍል የአየር ግፊቱ የተጠበቀ ነው። አውሮፕላኑ ምንም ያህል ከፍ ቢል ውስጡ ያለው አየር በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው አየር አይሳሳም። ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት። ስለዚህ ሆጤ ቤትዎ ውስጥ የነፉት ጎማ አየር ላይ የሚገጥመው ግፊት ከቤትዎ የባሰ አይደለም። አየር መንገዶች አስተንፍሱ ስለሚሉ ቀነስ ያድርጉት፤ ጨርሰው ግን አያውጡት፤ ትንሽ አየር ያለበት ጎማ ካርቶኑ ሲወረወር ቸርኬውን ከጉዳት ይጠብቃል። እዚያ ሲደርሱ እንደገና በልኩ ይንፉት።

መንገዱ አያስቸግርዎትም። ከኮምቦልቻ ተነስቶ ሐረጎን የወጣ ሰው ከ1,850 ሜትር ገደማ ወደ 2,500 ነው የሚወጣው። የዛንዚባር ዋናዋ ደሴት ኡንጉጃ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ቢኖራትም ከፍተኛ ቦታዋ 120 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ለዳገት ያስገጠሙትን ትልቁን የኋላ ማርሽ አይነኩትም። ከዚያ ይልቅ የሚታገልዎት አየሩ ነው። ባሕር ጠለል ላይ አየሩ ከደሴው ከሩብ በላይ ይወፍራል። ሳንባዎ ይደሰታል፤ ዳገት ላይ የለመዱት ማለክለክ አይኖርም፤ ደረትዎ ግን ሜዳው ላይ ይህንን ወፍራም አየር እየገፋ ነው የሚሄደው። በጥር ደግሞ ካስካዚ የሚሉት ወቅታዊ ነፋስ ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል። ከጃምቢያኒ ሲወጡ መጀመሪያ ወደ ሰሜን፣ ወደ ፓጄ ይሂዱ፤ ነፋሱን ገና ጉልበት ሳለዎት ይጋፈጡታል፣ ሲመለሱ ይገፋዎታል። በተቃራኒው የጀመረ ሰው ፀሐይዋ ስትበረታ ነው ነፋሱን ፊት ለፊት የሚያገኘው።

ሙቀቱን አይናቁት። ደሴ ላይ ላብዎ ሳይታይ ይደርቃል፤ ሰውነት የሚቀዘቅዘውም በመድረቁ ነው። ዛንዚባር ላይ አየሩ ራሱ እርጥበት የጠገበ ስለሆነ ላቡ አይተንም። ከክርንዎ ተንጠባጥቦ የመሪውን ጨርቅ ያረጥበዋል፣ ከዚያ ወርዶ ቡሎኖቹ ላይ ያርፋል፤ እርስዎን ግን አያበርድም። በሰዓት አንድ ሊትር ውኃ ሊወጣዎት ይችላል። ሁለት ኮዳ ይያዙ፤ በአንዱ ኦአርኤስ በጥብጡበት። ውኃ ብቻ እየጠጡ ጨዉን የማይተኩ ከሆነ ራስ ምታቱ ቀኑን ሙሉ አይለቅዎትም፤ ያን ጊዜ የባለቤትዎን ቀን በእርግጥ ወሰዱባት ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹን ማለዳዎች አጭርና ዝግ ባለ ፍጥነት ያድርጉ፤ ሰውነት ሙቀት የሚለምደው በአንድ ጀምበር አይደለም። ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፤ ወገግ ሲል ወጥተው ከ2 ሰዓት ተኩል በፊት ይግቡ። የሰዓት አቆጣጠራቸው እንደ እኛው ስለሆነ ከሰው ጋር ሲቀጣጠሩ አይምታታብዎትም።

ወደ ጨዉ ልምጣ፤ የብዙ ሰው ብስክሌት የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ጨው የሚመጣው ባሕር ውስጥ በመግባት ብቻ አይደለም፤ ነፋሱ ራሱ ይዞት ይመጣል። ብስክሌቱን ባሕሩን በሚያይ በረንዳ ላይ ያሳደረ ሰው ጠዋት ሰንሰለቱን በጣቱ ቢነካው ብርቱካናማ ዝገት ይዞ ይመለሳል፤ በቡሎኖቹ ራስ፣ ብሩጎላ የሚባለው መፍቻ በሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ ደግሞ ነጭ ዱቄት የሚመስል ነገር ያያል። ስለዚህ ቤት ውስጥ፣ ከባሕሩ በራቀው ክፍል ያሳድሩት። ከመሄድዎ በፊት የመቀመጫውን ዘንግና የፔዳሉን ጥርስ በግራሶ ያስቀቡ፤ አልሙኒየምና ብረት በጨዋማ እርጥበት ከተገናኙ ይጣበቃሉ፣ ከዚያ በኋላ በመዶሻም አይላቀቁም። በየማለዳው ሲመለሱ ግማሽ ባልዲ የጉድጓድ ወይም የቧንቧ ውኃ ወስደው፣ ሳያርከፈክፉ፣ በስፖንጅ ከላይ ወደ ታች ይጥረጉት። በኃይል የሚረጭ ውኃ ጨዉን አያወጣውም፤ ወደ ኩሽኔታው ይነዳዋል። ውኃው እዚያ ውድ ነገር ስለሆነ ግማሽ ባልዲ ይበቃል። ከዚያ ሰንሰለቱን በደረቅ ጨርቅ አድርቀው ወፈር ያለውን ዘይት ያንጠባጥቡበት። ለደረቅ አቧራችን የምንጠቀምበት ቀጭኑ ዘይት እዚያ አይበረክትም።

ጎማዎ 25 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ቴላዮው የሚፈቅድ ከሆነ ደግሞ በ28 ይቀይሩት። ዋና ዋናዎቹ መንገዶች አስፋልት ናቸው፤ ወደ ሰፈር የሚያስገቡት ግን የኮራል ድንጋይ ናቸው፤ ሹል ጫፉ ጎማ ይቀድዳል። ትርፍ የውስጥ ጎማ ይያዙ። ጆዛኒ ጫካ ድረስ ደርሶ መልስ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለአንድ ማለዳ ጥሩ መንገድ ነው። ከዛንዚባር ደሴቶች ውጭ የማይገኘው ቀዩ ኮሎበስ ጦጣ፣ የእኛ የጉሬዛ ዘመድ፣ አስፋልቱን ሲሻገር ያዩታል። ለእንስሳቱ ሲባል መንገዱ ላይ ጉብታ ስለተሠራ እዚያ ጋ አንገትዎን ደፍተው አይብረሩ።

ስለ ግራው አንድ ነገር ብቻ ልበል። መኪና በበዛበት ቦታ አይሳሳቱም፤ መኪናው ራሱ ይመራዎታል። አደጋው ባዶ መንገድ ላይ ነው። ማለዳ ከግቢ ሲወጡ፣ ወይም ውኃ ለመጠጣት ቆመው እንደገና ሲነሱ፣ ሰውነትዎ ወደ ለመደው ወደ ቀኝ ይሄዳል። ከቆሙ በኋላ ሁሉ ሳይነሱ በፊት «ግራ» ብለው ድምፅ አውጥተው ይናገሩ። መሪዎ ላይ መስታወት ካለ ከግራ ወደ ቀኝ ያዙሩት፤ የሚያልፍዎት መኪና በቀኝዎ በኩል ነው የሚመጣው። ዳላዳላ የሚሉት ሚኒባስ ደግሞ እንደ እኛው ታክሲ ተሳፋሪ ባየበት ይቆማል።

አለባበስም አለ። ሕዝቡ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ መንደር ለመንደር ሲያልፉ ጉልበትን የሚሸፍን ሰፊ ቁምጣ ከላይ ይደርቡ። ጀማ ንጉሥ ለዚያራ ሲሄዱ እንዴት እንደሚለብሱ የሚያውቅ ወሎዬ ይህን ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም። ሰላምታ ከሰጧቸው ደግሞ ሽማግሌው ሁሉ ከበሩ ተነስቶ ይመልስልዎታል።

መካኒክ ከፒያሳ (ደሴ)

የሐረጎ ልጅ የብስክሌቱን ነገር ጨርሶታል፤ እኔ የማሸጉን ልናገር። አንድ ደንበኛችን ብስክሌቱን ይዞ ሄዶ ሲመለስ የማርሽ መቀየሪያውን ከቴላዮው ጋር የሚያያይዘው ትንሽ የአልሙኒየም ጆሮ ተጣሞ መጣ። ብስክሌቱ ምንም አልሆነም፤ ግን ያቺ ጆሮ ከተጣመመች አንድም ማርሽ በሥርዓት አይገባም፤ ዓይነቷም ለየብስክሌቱ ስለሚለያይ ደሴም ዛንዚባርም ፈልገው አያገኟትም። ስለዚህ መቀየሪያውን ሙሉ በሙሉ ፈትተው በጨርቅ ጠቅልለው ከቴላዮው ውስጠኛ በኩል ያስሩት። የጆሮዋን መለዋወጫ ከአዲስ አበባ ከወዲሁ ያስመጡ።

ፔዳል ሲፈቱ የግራው ጥርሱ ተቃራኒ ነው፤ ወደ ሰዓት አቅጣጫ ነው የሚፈታው። ብዙ ሰው በግድ አዙሮ ያበላሸዋል። የፊት ጎማው ሲወጣ ሹካው መካከል እንጨት ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ ያስገቡበት፤ ካርቶኑ ላይ ሻንጣ ሲጫንበት ሹካው እንዳይጨመቅ። የመቀመጫው ዘንግ ላይ፣ ከመፍታትዎ በፊት፣ ቁመቱን በፕላስተር ምልክት ያድርጉ። ዲስክ ፍሬን ከሆነ ሸራዎቹ መካከል የታጠፈ ወፍራም ካርቶን ይሰኩ፤ ጎማ ሳይኖር እጀታው በስሕተት ከተጨበጠ ይጣበቃሉ። ቴላዮውን በፍራሽ ስፖንጅ ቁራጭ ይጠቅልሉት። አዲስ ብስክሌት የሚመጣበት ካርቶን እኛ ዘንድ ይገኛል፤ በነፃ ነው የምንሰጠው።

ካርቶኑ መደበኛ ከሚባለው ከ158 ሴንቲ ሜትር ድምር በእጅጉ ይበልጣል፤ ስለዚህ ትኬት ሲቆርጡ «ብስክሌት አለኝ» ብለው ያስመዝግቡ፤ በር ላይ ደርሶ መከራከር ትርፉ ድካም ነው። ክብደቱን ቤት ውስጥ ይመዝኑ። 23 ኪሎ ከተፈቀደልዎ ብስክሌቱና ካርቶኑ አብዛኛውን ጊዜ 15 አካባቢ ስለሚሆኑ ጫማውን፣ የራስ ቁሩንና መሣሪያውን ጭምር ይይዛሉ። ብሩጎላና ቁልፍ በእጅ ሻንጣ አይግቡ፤ ይወሰዳሉ። የመብራቱ ትርፍ ባትሪና የስልክ ፓወር ባንክ ግን በተቃራኒው በእጅዎ ይያዙ፤ ዕቃ ክፍል አይፈቀዱም። ጎማ የሚነፉ ትንንሽ የጋዝ ጥይቶችን ይተዉ፤ ያለ አየር መንገዱ ፈቃድ አይጓዙም፤ የእጅ መንፊያ ይብቃዎት። ታንዛኒያ የፕላስቲክ ከረጢት ከ2019 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ስለከለከለች ዕቃዎን በፌስታል ሳይሆን በጨርቅ ይጠቅልሉ። አንድ ጥቅል ፕላስተር ለመልስ ጉዞ ይዘው ይሂዱ።

የቴላዮውን ተከታታይ ቁጥርና የግዢ ደረሰኙን ፎቶ ያንሱ፤ ሲወጡም ጉምሩክ ላይ ይዘውት እንደሚወጡ ያስመዝግቡ፤ ሲመለሱ «አዲስ ገዝተህ ነው ያስገባኸው» የሚል ጥያቄ እንዳይገጥምዎት።

ጦሳ ሥር (ደሴ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ለባለቤቴ አነበብኩላት፤ አሸዋው ላይ ተከራይተን አብረን እንድንጋልብ ያለችውን እህታችንን ወዳታለች፤ የእኔንም ይዘን እንድንሄድ ተስማምታለች። አንድ ነገር ቀረኝ፦ አዲስ አበባ ድረስ እንዴት ላድርሰው? ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን ወይስ በአውቶቡስ?

መካኒክ ከፒያሳ (ደሴ)

ጋሼ፣ በአገር ውስጥ መስመር የሚበሩት ባለ ፕሮፔለሮቹ አውሮፕላኖች የዕቃ ክፍላቸው ከትልልቆቹ ያንሳል። ካርቶኑ በዚያ ቀን በረራ ይግባ አይግባ ቀድመው በስልክ ያረጋግጡ፤ እርግጠኛ ካልሆኑ በዚያ መንገድ አይሞክሩት፤ ብስክሌቱ ኮምቦልቻ ቀርቶ እርስዎ ዛንዚባር እንዳይገኙ። አውቶቡስ ከሆነ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ካርቶኑ ጣሪያ ላይ ከተጫነ ተኝቶ ሳይሆን ቆሞ፣ የሰንሰለቱ ወገን ወደ ውስጥ ሆኖ፣ በሸራ ተሸፍኖ ይታሰር፤ ከላዩ ማዳበሪያ እህል እንዳይጭኑበት ለረዳቱ በደንብ ይንገሩት። ከበረራው ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድመው አዲስ አበባ ይድረሱ፤ ካርቶኑን ከፍተው ለማየትም ጊዜ ይኖርዎታል።

የሐረጎ ልጅ (ኮምቦልቻ)

እኔም በአውቶቡስ ነው የወሰድኩት። ከመሄድዎ በፊት አንድ እሑድ እኛ ጋ ይውረዱ፤ ኮምቦልቻ ከደሴ ትሞቃለችና እኩለ ቀን ላይ እስከ ሐርቡ አብረን ሄደን እንመለሳለን። ሁለቱን ኮዳና ኦአርኤሱን በዚያው እንሞክራለን፤ ሰውነትዎ ምን ያህል ውኃ እንደሚፈልግ እዚሁ አውቀው ይሄዳሉ።

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ኢንሻ አላህ የሚመጣው እሑድ እወርዳለሁ። መካኒኩ ወንድሜ፣ ካርቶኑን አስቀምጥልኝ፤ ብስክሌቱንም ለግራሶው ረቡዕ ከሥራ በኋላ ይዤልህ እመጣለሁ።